ሹፌር ከሌለው አውቶቡስ እስከ ዲሊሻንስ

ከስቶክሆልም መሀል ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ የምትገኘው ኪስታ ስሟን የወረሰችው በቦታው ከነበረ ጥንታዊ የእርሻ ይዞታ ነው፤ ያረፈችበት የየርቫ ሜዳም ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ሰፈሩ እስከታነጸበት እስከ 1970ዎቹ ድረስ የስዊድን ጦር ሲለማመድበት የኖረ ገላጣ መሬት ነበር (በዚህ ማስታወሻ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው)። ሰፈሩ በአንድ ጊዜ ታቅዶ የተሠራ በመሆኑ መንገዶቹ የሚጠሩበት የራሳቸው ትዝታ አልነበራቸውምና ስም ከጎረቤት አገሮች ተበደሩ፤ የኪስታ ጎዳናዎች በዴንማርክ፣ በአይስላንድ፣ በፋሮ ደሴቶችና በግሪንላንድ፣ የአጎራባቿ የሁስቢ ጎዳናዎች በኖርዌይ፣ የአካላ ደግሞ በፊንላንድ ቦታዎች ተሰየሙ። ኢሳፍዮርድ በተባለው ጎዳና ላይ የሚሄድ መንገደኛ የሚያገኘው የአይስላንድን የዓሣ ወደብ ሳይሆን ኤሪክሰንን የመሳሰሉ የቴሌኮም ኩባንያዎችን ሕንፃዎች ነው። ቦታን በሆነበት ነገር መጥራት ለለመደ፣ ማለትም አውቶቡስ ስለሚሰለፍበት አውቶቡስ ተራ፣ ጎማ ስለሚሸጥበት ጎማ ተራ ብሎ ለሚያልፍ የአዲስ አበባ ሰው፣ ይህ አሰያየም መጀመሪያ ላይ ባዶ መስሎ ይታየዋል።

ሆኖም ኪስታ በመጓጓዣ ታሪክ ውስጥ የራሷ የሆነ ነገር አላት። በጥር 2018 ሁለት ትንንሽ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች ቪክቶሪያ ታወር ከሚባለው ባለ 34 ፎቅ ሆቴል እስከ ገበያ ማዕከሉ ድረስ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ በምትሆን መስመር ላይ፣ መሪም ሹፌርም ሳይኖራቸው በተራ የከተማ መንገድ መመላለስ ጀመሩ። እያንዳንዳቸው 12 ሰው ይይዛሉ፤ አገልግሎቱ ለስድስት ወራት የታቀደ ሙከራ ነበር። መኪናው መንገዱን የሚያየው በጨረርና በካሜራ ሲሆን፣ ለጥንቃቄ ሲባል ግን አንድ ሠራተኛ ውስጥ ተቀምጦ ተሳፋሪውን ያስተናግድ፣ አደጋ ከታየውም መኪናውን ያስቆም ነበር። ነገሩን በአገር ቤት ቋንቋ ቢያስቀምጡት፣ ሹፌሩ ቀርቶ ረዳቱ ብቻ የቀረበት አውቶቡስ ነው። በኢትዮጵያ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ረዳት፣ ማለትም ሂሳብ የሚሰበስበው፣ ዕቃ የሚጭነው፣ በሩን የሚከፍተውና ከተሳፋሪ ጋር የሚከራከረው ወጣት፣ ከሹፌሩ በታች ያለ፣ ነገ ሹፌር ልሁን ብሎ የሚመኝ ሰው ነው፤ የሠለጠነው ዓለም ቴክኖሎጂ ግን ቀድሞ ያሰናበተው ሹፌሩን ሆኖ፣ ረዳቱን ገና ሊተካው አልቻለም። ማሽከርከር በቀመር ሊገለጽ ይችላል፤ ከሰው ጋር መግባባት ግን እስካሁን ሰው ይፈልጋል።

የአዲሱን አውቶቡስ ስፍራ አይቶ የአሮጌዎቹን ለመፈለግ የሚነሣ መንገደኛ ከኪስታ ወደ መሀል ከተማ የሚሄደው በምድር ውስጥ ባቡር ሰማያዊ መስመር ነው። የኪስታ ጣቢያ በ1977 የተከፈተ ሲሆን በዚህ መስመር አገልግሎት ከሚሰጡት ጣቢያዎች መካከል ከምድር በላይ ያለው እሱ ብቻ ነው። ባቡሩ ከኪስታ እንደወጣ ሺምሊንገ በሚባል፣ ግንባታው ተጀምሮ ፈጽሞ ባልተከፈተ ጣቢያ አጠገብ ያልፋል። ለሰፈር ተብሎ የታሰበ ጣቢያ ነበር፤ ሰፈሩ ሳይሠራ ቀረ፤ ጣቢያውም ሰው ሳይወርድበት ኖረ። በዚህ የተነሣ የከተማው ሰው በሺምሊንገ የሚወርዱት ሙታን ብቻ ናቸው እያለ ለልጆቹ ያወራል፤ በሌሊት የሚዞር የመናፍስት ባቡርም አለ ይባላል። መንገደኛው ስዊድናውያን ሁሉን ነገር በመዝገብና በሰዓት የሚይዙ፣ ተረት የተዋቸው ሕዝብ ናቸው ብሎ መጥቶ ከነበረ፣ ይህ ባዶ ጣቢያ ግምቱን ያርምለታል፤ ጅብና ዛር በሌለበትም ቢሆን ባዶ የቀረ ነገር ሲኖር ሰው መንፈስ ያስገባበታል።

በባቡሩ ውስጥ ያለው ዝምታም እንዲሁ ቀድሞ በተያዘ አስተያየት የሚመዘን ነገር ነው። በአዲስ አበባ አንድ ዘመን «ውይይት» የሚባሉ ታክሲዎች ነበሩ፤ ከኋላቸው ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ትይዩ የተዘረጉባቸው፣ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ የሚቀመጥባቸው በመሆናቸው ነው ስሙን ያገኙት። የስቶክሆልም ባቡርም ብዙ ቦታ ወንበሮቹ ትይዩ ናቸው፤ ውይይት ግን የለም። ነገሩ ንቀት ወይም ብርድ ያመጣው ጠባይ ነው ብሎ መፍረድ ይቀላል፤ ዳሩ ግን ሁስቢንና አካላን ከመሳሰሉ፣ ብዙ ቋንቋ ከሚነገርባቸው ሰፈሮች የሚመጣው ባቡር የጠዋት ጸጥታው ከመሀል ከተማው ሰው የተለየ አይደለም፤ ከአፍሪካ ቀንድ የመጣችው እናትም እንደ ሌላው ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞራ ትቀመጣለች። ዝምታው እንግዳውም ፈጥኖ የሚማረው የመንገድ ሥርዓት ነው።

በአሮጌው ከተማ፣ ጋምላ ስታን በሚባለው ደሴት፣ ከ1906 ጀምሮ የቆየ የፖስታ ሙዚየም አለ፤ በውስጡ ከሚታዩት ነገሮች መካከል አንዱ በ1920ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ስዊድን ደብዳቤና ሰው ያጓጉዝ የነበረው የፖስታ አውቶቡስ ነው። የዚህን መኪና ታሪክ ለመረዳት ከስቶክሆልም በስተደቡብ ምዕራብ ያለችውን ሰደርቴልየ የምትባል ከተማ ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1891 በዚያ የተመሠረተው ቫቢስ የተባለ የሠረገላና የባቡር ፉርጎ ፋብሪካ በ1911 ማልመ ከነበረው ስካኒያ ጋር ተዋሕዶ ስካኒያ ቫቢስ ሆነ፤ ይህ ስም ዛሬ በከባድ መኪናና በአውቶቡስ የሚታወቀው የስካኒያ አባት ነው። ኩባንያው ለአገሪቱ ፖስታ ቤት የሠራቸው አውቶቡሶች ለክረምቱ በረዶ እንዲመቹ ሆነው የተዘጋጁ ነበሩ፤ ከፊት ባሉት ጎማዎች ፈንታ የበረዶ መንሸራተቻ ሰሌዳ ይገጠምላቸዋል፣ የኋላዎቹም እንደ ትራክተር ሰንሰለት በሚዞር ቀበቶ ይጠመዳሉ። በዚህ ዓይነት የተሠራ መኪና በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የሚቆጠረውን የላፕላንድ ጫካ እያቋረጠ ደብዳቤውን፣ ጋዜጣውንና ተሳፋሪውን በአንድነት ይዞ ይሄድ ነበር።

የስዊድን ፖስታ ቤት ይህን አዲስ መኪና «ዲሊሻንስ» ብሎ ጠራው። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሆኖ በፈረስ የሚሳበውን የጥንት የመንገደኞች ሠረገላ የሚገልጽ ነበር፤ ፈረሱ ቀርቶ ሞተር በመጣ ጊዜ ስሙ አልተለወጠም፣ ፖስታ ቤቱም አውቶቡሶቹን በዚሁ ስም እየጠራ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ ሠራባቸው። በሰሜኑ የገጠር መንገድ ደግሞ የፊቱ ወገን ለሰው፣ የኋላው ለጭነት የሆነ መኪና «ስክቫደር» ተባለ። ስክቫደር መነሻው ሱንድስቫል በምትባል ከተማ ሙዚየም ውስጥ ያለ፣ በ1918 እንስሳትን አድርቆ በሚያቆም ባለሙያ የተሠራ የቀልድ ፍጥረት ነው፤ ከፊት ጥንቸል፣ ከኋላ የጫካ ወፍ። ግማሹ ሰው ግማሹ ዕቃ የሚጭን መኪና ከዚህ የተሻለ ስም ሊያገኝ አይችልም ነበር። በጣሪያው ላይ ፍየልና ሙክት፣ ዶሮና ጆንያ፣ አልጋና ፍራሽ ተጭኖለት ከመናኸሪያ የሚወጣውን የኢትዮጵያን የገጠር አውቶቡስ ለሚያውቅ አንባቢ፣ ስክቫደር በዓይኑ ያላየው ቢሆንም የሩቅ ዘመዱ ነው።

ስሞች በመኪና ላይ እንዴት እንደሚጣበቁ ከተነሣ፣ የአማርኛው ከስዊድንኛው ይልቅ ሰፊ ታሪክ ይዟል። አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ ባመጣው መኪና ነው፤ ይሁን እንጂ የተሽከርካሪው አማርኛ የተሠራው በቤተ መንግሥት ሳይሆን በጋራዥ፣ የእንግሊዝኛ ሳይሆን በአብዛኛው የጣልያንኛ ውርስ ሆኖ ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ኮፈኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ኩሽኔታና ላሜራ ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ የአውቶቡሱ ጣሪያ ዕቃ መጫኛ የሆነው ፖርቶመጋላ ጣልያኖች ጓዝ መጫኛውን ከሚጠሩበት ቃል ተጣሞ የቀረ ነው፤ ከመኪናው ሆድ ሥር ሆኖ ክብደቱን የሚሸከመው ባሌስትራም በመነሻው በጥንት ወታደር እጅ የነበረ የቀስት መወንጨፊያ ስም ነው፣ የተደራረበው ብረት እንደ ቀስት የጎበጠ ነውና። እነዚህ ቃላት ከወራሪው ጦር የጭነት መኪናዎችና ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተቀደዱት መንገዶች ጋር የገቡ ናቸው። ወራሪው ወጣ፤ ባሌስትራውና ኩሽኔታው ቀሩ። የኢትዮጵያ መካኒክ ዛሬ የጃፓን ወይም የቻይና መኪና ፈትቶ ሲገጥም፣ እያንዳንዱን ክፍል የሚጠራው ከ80 ዓመት በላይ በሆነው በዚያ መዝገበ ቃላት ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው መንገደኛ የጣርማበርን ዋሻ ሲያልፍ የሚያየው የዚያን ዘመን ሥራ ከሆነ፣ ረዳቱ «ፖርቶመጋላው ሞልቷል» ሲል የሚሰማው ደግሞ የዚያን ዘመን ቋንቋ ነው።

ከቃላቱ ሁሉ ግን ከዚህ ጉዞ ጋር ይበልጥ የሚገናኘው «ሹፌር» ነው፣ ምክንያቱም አማርኛውም ስዊድንኛውም ይህን ቃል ከአንድ ምንጭ፣ ከፈረንሳይኛ፣ ወስደውታል። በፈረንሳይኛ ሹፌር ማለት በመነሻው የሚያሞቅ፣ እሳት የሚያነድ ሰው ማለት ነው፤ የእንፋሎት ሞተር በነበረበት ዘመን መኪና ከመንዳት በፊት ማንደድ ይቀድም ነበርና። ነዳጅ ከመጣ በኋላ ትርጉሙ ተረሳ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን ስዊድን ገለልተኛ ብትሆንም የባሕር መግቢያዋ በመዘጋቱ ነዳጅ አጣች፤ በዚህ ጊዜ አውቶቡሶችና የጭነት መኪናዎች «ዬንጋስ» በሚባል ዘዴ፣ በእንጨትና በከሰል እንዲሄዱ ተደረገ። ዘዴው እንዲህ ነው፦ በመኪናው ጎን ወይም ኋላ በተገጠመ የብረት ጋን ውስጥ እንጨት በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ያለበት ተቀጣጣይ ጋዝ ይወጣል፤ ጋዙ ተጣርቶና ቀዝቅዞ እንደ ቤንዚን ወደ ሞተሩ ይገባል። ሹፌሩ ማለዳ ተነሥቶ እሳት ያያይዛል፣ እንጨት ይጨምራል፣ አመድ ይጠርጋል፤ ጋዙ መርዛም በመሆኑም የታመመና የሞተ ነበር። ለጥቂት ዓመታት በስዊድን ሹፌር የሚለው ቃል ወደ ጥንት ትርጉሙ ተመልሶ፣ አውቶቡስ የሚነዳው ሰው ዳግመኛ እሳት አንዳጅ ሆነ። ኪስታ ላይ ሹፌር አልባው አውቶቡስ የወጣው ከዚያ በ70 ዓመት ገደማ ልዩነት ነው።

ከሙዚየም ወጥቶ ሻይ ቤት መግባት በስቶክሆልም እንደ ቁም ነገር የሚቆጠር ልማድ ነው፤ «ፊካ» ይሉታል፤ ሥራን አቋርጦ ቡናና በቀረፋ የተጠቀለለ ጣፋጭ ዳቦ ይዞ መቀመጥ ነው። የአገር ቤቱ መንገደኛ መንገዱን በምግብ የሚያስታውስ ሰው ነው፤ ደብረ ሲና በመስኮት ከሚቀርብለት ቆሎ ጋር፣ የዓባይ በረሃ ከመውረዱ በፊት ያለችው ጎሃ ጽዮን ከምሳዋ ጋር በአእምሮው ተሳስረዋል። በስዊድን መንገዱና ምግቡ ተለያይተዋል፤ ቡናው ጥሩ ነው፣ ግን የየትም ቦታ ቡና ነው።

ሁለተኛው የአውቶቡሶች ማደሪያ የከተማዋ የትራንስፖርት ሙዚየም ነው። በ1944 ተመሥርቶ ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር ከቆየ በኋላ በ2022 በከተማው ሰሜን ምሥራቅ፣ ፈርዲናንድ ቦበሪ የተባለው አርክቴክት በነደፈውና በ1893 ሥራ በጀመረው የቀድሞ የጋዝ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ገባ። ፋብሪካው የድንጋይ ከሰል እያሞቀ ለመንገድ መብራትና ለምድጃ የሚሆን ጋዝ ያመርት የነበረ፣ ቀይ ጡብ የለበሱ ወፍራም ግንቦች ያሉት ቦታ ነው። የሙዚየሙ ትረካ በ1877 ከተጀመረው በፈረስ ከሚሳብ ትራም ተነሥቶ ከ1941 እስከ 1964 ከሽቦ ኃይል እየወሰዱ በጎማ ይሄዱ በነበሩት የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች በኩል እስከ ምድር ውስጥ ባቡሩ ይደርሳል። ጠርዛቸው የተወለወለ፣ ቀለማቸው የታደሰ፣ ወንበራቸው ላይ ማንም የማይቀመጥባቸው መኪናዎች ለኢትዮጵያዊ ዓይን አንድ ነገር የጎደላቸው ይመስላሉ፤ የጎደላቸው ሰው ነው ማለት ቀላል ነበር፣ ነገር ግን ከዚያ ይልቅ የጎደላቸው ቀጣዩ ባለቤታቸው ነው።

ይህን ለመረዳት መስከረም 3 ቀን 1967ን ማየት ይበቃል (መስከረም የተባለው የአውሮፓውያኑ ሴፕቴምበር ነው)። ስዊድን እስከዚያ ቀን ድረስ በመንገድ ግራ የምትነዳ አገር ነበረች፤ በ1955 ሕዝቡ ተጠይቆ 83 ከመቶው ለውጡን ቢቃወምም፣ ፓርላማው በ1963 ወደ ቀኝ መዛወርን ወሰነ። በተባለው ሌሊት ከንጋቱ 10 ሰዓት ከ50 ላይ መኪናዎች ሁሉ ቆሙ፣ ቀስ ብለው ወደ ቀኝ ተሻገሩ፣ በ11 ሰዓት ጉዞ ቀጠለ። ለግል መኪና ነገሩ ይህን ያህል አይከብድም፤ አውቶቡስ ግን በሩ በእግረኛ መንገዱ በኩል መሆን አለበት። በግራ በኩል በር ያላቸው አውቶቡሶች ወይ በቀኝ በኩል በር ሊከፈትላቸው፣ ወይ ሊጣሉ፣ ወይ ሊሸጡ ግድ ሆነ። የመሀል ስቶክሆልም ትራሞችም በዚያው ጊዜ አበቁ፤ በአዲስ አውቶቡሶች ተተኩ። ከቀድሞዎቹ አውቶቡሶች የተወሰኑት ግን አሁንም በግራ ወደሚነዱ አገሮች፣ ወደ ፓኪስታንና ወደ ኬንያ ተሸጡ።

ከእነዚያ መካከል ኬንያ የገቡት አውቶቡሶች በሙዚየሙ ውስጥ ካሉት ጋር የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው፤ አንዱ በጡብ ግንብ ውስጥ ሲወለወል ሌላው ከኢትዮጵያ ድንበር ወዲያ ባለው አገር የቀይ አፈር አቧራ ለብሶ ሰው ጭኗል። የሙዚየም ታሪክ የሚያልቀው መኪናው ከስቶክሆልም መንገድ በወጣበት ቀን ነው፤ የመኪናው ታሪክ ግን በዚያ ቀን ገና ግማሽ ላይ ነበር። አሮጌ ማለት በሰሜን ከአገልግሎት የወጣ ማለት ሲሆን በደቡብ የተፈተነ ማለት ነው።

በአዲስ አበባም የሕዝብ አውቶቡስ ታሪክ ከዚህ የተለየ አይደለም። ከ1930ዎቹ ዓ.ም. አንሥቶ የከተማዋን ሕዝብ ያመላለሰው አንበሳ አውቶቡስ፣ በመጀመሪያ የንጉሣውያን ቤተሰብ ድርሻ ያለበት ኩባንያ፣ ከአብዮቱ በኋላ የመንግሥት ድርጅት ሆኖ፣ ቢጫና ቀይ ቀለሙን እንደያዘ ስንት ዓይነት መኪና ቀያየረ፤ ከእነዚህ መኪናዎች ውስጥ የሚበዙት ግን ሙዚየም አልጠበቃቸውም። ሞተራቸው ለሌላ መኪና፣ ላሜራቸው ለሌላ ቤት በር፣ ወንበራቸው ለሌላ ግቢ ሆኗል፤ በመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚባለው፣ የተጣለ ብረት ወደ ምድጃና ወደ ባልዲ የሚለወጥበት ሠፈር፣ ለኢትዮጵያ የተሽከርካሪ ታሪክ ከማንኛውም አዳራሽ ይልቅ የቀረበ ነው። «ቅጥቅጥ» የሚባለው አውቶቡስ ደግሞ ይህን ባሕል በስሙ ተሸክሞታል፤ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ፣ ማለትም ሞተርና ጎማ በያዘው አጽም ላይ፣ በአገር ውስጥ ጋራዥ ላሜራ ተቀጥቅጦ የሚሠራ በመሆኑ ነው እንዲህ የተባለው። ስዊድናዊው መኪናውን በሠራው ኩባንያ፣ በሞዴልና በዓመት ሲጠራው፣ ኢትዮጵያዊው በመዶሻው ጠራው።

ለቅርስ የሚሰጠው ክብርም እኩል አልተከፋፈለም። በአዲስ አበባ ለእይታ የበቁት ጥንታዊ መኪናዎች በዋናነት ነገሥታትና መሪዎች የተሳፈሩባቸው ናቸው፤ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ የምድር ባቡሩ አሮጌ ሎኮሞቲቮች ይጎበኛሉ። አውቶቡስ የሚለው ቃል ግን ምንጩ በላቲን «ለሁሉም» የሚል ነው፤ በ1820ዎቹ በፈረንሳይዋ ናንት ከተማ ለማንኛውም ከፋይ ክፍት ለሆኑ ሠረገሎች ወጥቶ ከዚያ ተስፋፋ። ለሁሉም የሆነ ነገር ባለቤት የሌለው ይመስላልና ማንም አያስቀምጠውም፤ ስዊድኖቹ ማስቀመጣቸው የሚደነቅ ነው፣ ምንም እንኳ ያስቀመጡት በመንገዳቸው ላይ የነበረበትን ጊዜ ብቻ ቢሆንም።

በመሸ ጊዜ ወደ ኪስታ የሚመለስ ሰው ከባቡሩ ወርዶ ወደ ሁስቢ የሚሄደውን ቀይ አውቶቡስ ይይዛል። በየምሰሶው ላይ ቀይ ቁልፍ አለ፤ ሲጫኑት ከፊት በኩል «ስታናር»፣ ይቆማል የሚል ጽሑፍ ይበራል። ድምፅ ማሰማት አያስፈልግም፤ ሹፌሩም ዞሮ አያይም። በአዲስ አበባ አድጎ የመጣ ተሳፋሪ ይህን ቁልፍ በጣቱ ይጫናል፤ «ወራጅ አለ!» የሚለው ቃል ግን አፉ ላይ ደርሶ ይቀራል፣ ጽሑፉም ይበራል፣ በሩም ይከፈታል።